በሽንሌ መንገድ ያጠጣኋት ውኃ

ያን እሑድ በሽንሌ መንገድ ላይ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። ልጄ አለች። ከእሷ ጋር በድሬ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የምትሰፋው የመጋላ ሰፈር ጓደኛዋ አለች። ሁለቱን የሚያሠለጥናቸው የባቡር ጡረተኛው ጎረቤታችን በብስክሌቱ አለ፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚለው። የባጃጁ ነጂ አለ፤ የአራት ልጆች አባት ነው፣ ጨዋታ ይወዳል። አምስተኛዋ እኔ ነኝ፤ ባጃጁ ውስጥ ከኋላ፣ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን በእግሮቼ መሃል ይዤ። ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ሰው ሁሉ ነበርኩ፣ አየሁ ስላለ ነው። ያየነው እኛ ነን። ከአምስታችንም ጀሪካኑ ውስጥ ምን እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ስለዚህ ፊደሉን ያረመችልኝ ልጄ ናት። ሁለት ቦታ ላይ "ይህን ባትጽፊው" ብላኛለች። እንዳለ ትቼዋለሁ።

ማራቶን ልሮጥ ነው ያለችኝ ምሳ እየበላን ነው። ስንት ነው ርቀቱ አልኳት። አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር አለች።

"በስንት ቀን?" አልኳት።

ሳቀች። እኔ እየቀለድኩ አልነበረም። አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር በአንድ ጠዋት ሰው በእግሩ ይሄዳል ብዬ አስቤ አላውቅም። መኪና ስሳፈር እንኳ ያን ያህል መንገድ ከሆነ ስንቅ እይዛለሁ። ደግሞ ልጄ ሯጭ አይደለችም። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጣ የምትሰፋ፣ ማታ ወገቧን ይዛ የምትገባ ልጅ ናት። ጉርሻው እጄ ላይ እንዳለ ቀረ።

ለምን ብዬ ጠየቅኳት። መጀመሪያ ለጤና አለች፣ ቀጥሎ ጓደኛዬ ስለጀመረች አለች። መጨረሻ ላይ አንገቷን ደፍታ እውነቱን ነገረችኝ። አባቷ ሲሞት ኮሌጁን አቋርጣ ሥራ ገባች። ከዚያ ወዲህ የጀመረችውን አንድም ነገር ዳር አድርሳ እንደማታውቅ፣ ይህን ግን መጨረስ እንደምትፈልግ ተናገረች። ኮሌጁን ያቋረጠችው ለእኔና ለቤቱ ስትል ነው።

አባቷ ጫኝና አውራጅ ነበር። በግንቦት ሐሩር ከመኪና ላይ ጆንያ ሲያወርድ ወደቀ፣ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ነፍሱ ወጣች። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ነው ያለኝ፤ ትንሽ ውኃ ቢያገኝ ኖሮ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ሰው ቤቴ ሲገባ ከሰላምታው በፊት ውኃ ነው የማቀርበው። ልጄ ቀፊራ ገበያ ድረስ ብትላክ እንኳ የውኃ ጠርሙስ ሳላስይዛት አትወጣም። በዚህ ሰፈሩ ይስቅብኛል፣ ይሳቅብኝ።

ልምምዱ ሲጀመር በየቀኑ የምደነግጥበት ነገር አላጣሁም። ውሻ አለ፣ መኪና አለ፣ ወንድ አለ፣ ንጋት ላይ ወደ ጫካው የምትመለስ ጅብ አለች። ጋሼ ግን የቸኮለ ሰው አይደለም። በወጣትነቱ ለባቡር ሠራተኞች ቡድን ይሮጥ ነበር። መጀመሪያ ጫማ ሊያስገዛቸው ታይዋን የሚባለው ገበያ ወሰዳቸው፤ አውራ ጣቱን ጫማው ጫፍ ላይ እየተጫነ፣ እዚህ ጋር የጣት ወርድ ካልተረፈ ጥፍራችሁን ትሰናበቱታላችሁ እያለ ሦስት ሱቅ አዞራቸው። ከዚያ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር፣ ሊነጋጋ ሲል፣ አሥር ደቂቃ መራመድ ሁለት ደቂቃ መሮጥ። እኔ አጥር ሥር ቆሜ አያለሁ። ይህማ ሩጫ አይደለም ብዬ ትንሽ ቀለለኝ። በየሳምንቱ ግን መራመዱ እያነሰ ሩጫው እየጨመረ ሄደ። እያወራችሁ መሮጥ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ይላቸዋል። ስለዚህ ልጆቹ ሲሮጡ ይለፈልፋሉ፤ አማርኛውን በኦሮምኛ፣ ኦሮምኛውን በሶማልኛ እያደረጉ የአለቃቸውን ወሬ ያወራሉ።

ሌላ ነገርም ያስተምራቸው ነበር፤ እግር ሳይሆን ሐሳብ። አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ብሎ የሚያስብ ሰው ከበሩ አይወጣም አላቸው። እሱ መንገዱን አራት ከፍሎ ለየክፍሉ የድሮ የባቡር ጣቢያ ስም ሰጠላቸው። መጀመሪያ ሽንሌ፣ ከዚያ አዲጋላ፣ ከዚያ አይሻ፣ መጨረሻ ደወሌ። ሽንሌ ሳትደርሱ ስለ አይሻ ማሰብ ክልክል ነው ይላቸዋል። ልጄ ማታ እግሯን ለብ ባለ ውኃ ነክራ ጣቢያዎቹን ስትደጋግም እሰማታለሁ። ድክም ሲላት ምን እንደምታደርግም አስጠንቷት ነበር፤ ትከሻን ማውረድ፣ ጡጫን መፍታት፣ እስከሚቀጥለው የመብራት እንጨት ብቻ ማየት። ጥፍሯ ጠቆረ። ጭኗ እንዳይላጥ ቫዝሊን ትቀባለች። እኔ ከሳምንቱ ሁሉ የምወደው የዕረፍት ቀኗን ነበር።

አሁን ስለ ጨው ልናገር። ደም ግፊት አለብኝ። ጤና ጣቢያ ጨው ተዪ ስላሉኝ ከቤቴ ጨው አስወጣሁ። ለእኔ ብቻ አይደለም፤ ለሁለት ሰው ሁለት ድስት አይጣድም፣ ልጄም ያለ ጨው ትበላ ጀመር። ከሩጫ መጥታ የምታወልቀው ጥቁር ቲሸርት ጀርባው ላይ ነጭ ነጭ መስመር ያወጣል። ባለፈው ሳጥበው ሳሙናው በደንብ አልለቀቀም ነበር እያልኩ በሁለት ውኃ አለቀልቅ የነበረውን በሦስት አደረግሁት። መስመሩ አልጠፋም። ሳሙና ለወጥኩ።

ከውድድሩ በፊት አንድ ረጅም ቀን ይኖራል፤ ሠላሳ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ በሽንሌ መንገድ ሄዶ መመለስ። ሠላሳ ሁለት ስባል እንቅልፍ አጣሁ። በባጃጅ ካልተከተልኳት አትወጣም ብዬ ቁርጡን ተናገርኩ። ጋሼ ተዪ አላለኝም። ቅዳሜ ወደ ማታ፣ ልጄ ቀድማ ተኝታ ሳለ፣ ያቺን ጀሪካን ይዞ መጣና ነገ ሲጠማት ብቻ ከዚህ ትንሽ ትንሽ ስጫት ብሎኝ ሄደ።

ቀመስኩት። ጨው ነው። ስኳርና ሎሚ አለበት፣ ግን ጨው ነው። ክው አልኩ። እኔን የከለከሉኝን ነገር ለልጄ፣ ያውም በፀሐይ ሊያጠጣብኝ? ይህ ሰውዬ አርጅቷል አልኩ በልቤ። ደውዬ ልጠይቀው እችል ነበር፤ ቤቱም ከቤቴ ሦስተኛው ነው። አልጠየቅኩም። ጓሮ ወጥቼ ከዛፉ ሥር ደፋሁት፣ ጀሪካኑን አጠብኩ፣ አፍልቼ ያቀዘቀዝኩትን ንጹህ ውኃ ሞላሁበት። ለልጄ ትልቅ ነገር ያደረግሁላት መስሎኝ ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

ጎህ ሲቀድ ወጣን። ጓደኛዋ ፈጣን ስለሆነች ጋሼ በብስክሌቱ ከእሷ ጋር ወደ ፊት ሄደ። ልጄ በራሷ እርምጃ ከኋላ ትመጣለች፣ እኛ በባጃጅ ከጎኗ። ጋሼ ሲጠማት ያለኝን እኔ በመብራት እንጨት ቆጠራ አደረግሁት፤ አሥር እንጨት ባለፍን ቁጥር ኩባያ እዘረጋለሁ። መጀመሪያ እያመሰገነች ጠጣች። ቆይታ በቃኝ አለች። ጠጪ አልኳት። ሆዴ ተንቦጫቦጨ አለች። አባትሽን አስቢ አልኳት። እንዲህ ስላት እምቢ እንደማትለኝ አውቃለሁ። ጠጣች።

ነጂው በመስተዋቱ ያየኛል። "አቦ እናቴ፣ ግመልም እኮ ይህን ያህል አይጠጣም" አለኝ።

አንተ መሪህን ያዝ አልኩት። ሳቀ፣ ለእሷም በኦሮምኛ አንድ ቀልድ ወረወረላት፤ እሷም እየሮጠች ሳቀች። ሽንሌ ስንደርስ ጀሪካኑ አልቋል። ከሱቅ ንጹህ ውኃ ገዝቼ እንደገና ሞላሁት።

ስንመለስ ፀሐይዋ ወጥታለች። ልጄ ራሴን አመመኝ አለች። የእጅ ሰዓቷን ላላ አድርጊልኝ ብላ እጇን ወደ ባጃጁ ዘረጋች። ጣቶቿ አብጠዋል፣ የሰዓቱ ማሰሪያ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል። ፀሐይ ነው ብዬ ፈታሁላት፣ ኩባያም ሰጠኋት። ጥቂት ሄደን አስታወከች። የወጣው ውኃ ብቻ ነው። የወጣውን መተካት አለብን ብዬ ሌላ ሁለት ኩባያ አጠጣኋት። ያንን ያደረገው ይህን የምጽፍበት እጅ ነው።

ከዚያ ቆመች። መንገዱ መሃል ቆማ ዙሪያዋን አየች።

"እማዬ፣ አባዬ መጣ?" አለችኝ።

ነጂው መሳቁን ተወ። ከባጃጁ ዘሎ ወርዶ ደግፎ አስገባት። ጭኔ ላይ አጋደምኳት። ትንሽ እንደሄድን ሰውነቷ ድርቅ አለ፣ ዓይኗ ተገለበጠ፣ ጥርሷ ገጠመ። ነጂው በሦስት ቋንቋ ፈጣሪውን እየጠራ ባጃጁን ያን ያህል ይሮጣል ብዬ በማላስበው ፍጥነት ወደ ከተማ ነዳው። እኔ ግን በመንገዱ ሁሉ ኩባያውን ከንፈሯ ላይ እያስጠጋሁ ነበር። ጥርሷ ባይገጥም ኖሮ አጠጣት ነበር። ያዳናት አንዱ ነገር ይህ ነው።

ሐኪም ቤት ስንገባ በፀሐይ ስትሮጥ ወደቀች አልኩ። በእኛ ከተማ በፀሐይ የወደቀ ሰው ምን እንደሚደረግለት ሁሉም ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ግሉኮስ ስቀሉላት፣ ሁለት አድርጉላት እያልኩ ነጭ ጋወን የለበሰውን ሁሉ ለመንኩ። ነርሱ የግሉኮሱን ከረጢት ይዞ መጣ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ የልጄን ዓይን በባትሪ እያየች ስንት ሰዓት ሮጠች፣ ምን በላች፣ ምን ጠጣች ትላለች። በዚህ መሃል ጋሼና ጓደኛዋ ደረሱ። ነጂው ደውሎላቸው ነበር። ጋሼ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ ውኃ አላነሳትም፣ ጨውና ስኳር ያለበት መጠጥ እኔው ራሴ በጥብጬ ሰጥቻለሁ አለ። ሐኪሟ ጻፈች።

ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ከዛፉ በቀር ያየኝ የለም። ጋሼ ልክ ነው፣ ልጄ ጨው ጠጥታለች፣ የወደቀችው በሌላ ነገር ነው ተብሎ ይቀር ነበር። ነርሱ መርፌውን አንስቷል።

"እኔ ደፋሁት" አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ሐኪሟ ምኑን አለችኝ።

"ጋሼ የሰጠኝን። ጨው ነው ብዬ ደፋሁት። ያጠጣኋት ባዶ ውኃ ነው። አንዱን ጀሪካን ጨርሳ ሁለተኛውን ጀምራለች።"

ሐኪሟ ሳትጮህ ወደ ነርሱ እጇን ዘረጋች። "ቆይ፣ እሱን አትስቀለው" አለችው። ደም ወሰዱ። ውጤቱ እስኪመጣ የቆምኩበት ቦታ ላይ ነበርኩ፤ ወንበር አምጥተውልኛል፣ አልተቀመጥኩም። ጋሼ ኮፍያውን አውልቆ ግድግዳውን ያያል። ጓደኛዋ መሐረቧን አፏ ውስጥ ከታ ታለቅሳለች።

ሐኪሟ ስትመለስ ትከሻዬን ያዘችኝ። "እናቴ፣ ውኃ አላጣችም። ውኃ በዝቶባት ነው" አለችኝ።

አልገባኝም። ድገሚልኝ አልኳት። ላቧ ጨዋን ጠርጎ አውጥቶታል፣ በላዩ ላይ ውኃው ደሟን አቀጠነው፣ አንጎሏም ውኃ ቋጠረ ብላ አስረዳችኝ። አሁን ጨው በደም ሥር በጥቂት በጥቂቱ እንሰጣታለን፣ በፍጥነት ከሰጠናትም ይጎዳታል፣ ቁጭ ብለን እንጠብቃታለን አለች። ቤት ጨው ትበላለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አትበላም አልኩ። ልብሷ ላይ ነጭ መስመር አይተሽ ታውቂያለሽ? አለችኝ። ያኔ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ጊዜ በሦስት ውኃ ያለቀለቅኩት የልጄን ጨው ነው።

ውኃ ሰው ይጎዳል ብሎ የሚነግረኝ ሰው ከዚያ በፊት ቢመጣ አብዷል እለው ነበር። ድሬ ተወልጄ፣ ድሬ አርጅቼ፣ ባሌን በሐሩር ቀብሬ፣ ውኃ ጠላት ይሆናል ብሎ ማን ያስባል? እስካሁንም አንዳንድ ጊዜ ብርጭቆ እያጠብኩ ቆም እላለሁ፤ ነገሩ እንደ አዲስ ያስደነግጠኛል።

ወደ አመሻሽ ነቃች። ስሜን ጠራች፣ እማዬ ሳይሆን ስሜን፤ ቀስ በቀስ ግን ተመለሰች። ሐኪም ቤት ሦስት ቀን ተኛች። ሁለተኛው ቀን ላይ፣ ሌላ ሰው ሳይነግራት፣ ራሴ ነገርኳት። የደፋሁትን፣ ያስገደድኳትን፣ አባቷን እያነሳሁ ያጠጣኋትን። ጣሪያውን እያየች ሰማችኝ። ስጨርስ ጋሼ ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀች። ያውቃል አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በማግስቱ ጸጉሬን ጉንጉኚልኝ አለችኝ።

ጋሼ አንድ ሳምንት አልመጣም። ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ግቢ ገብቶ ሳይቀመጥ፣ የመጣበትን ተናገረ።

"ጥፋቱ የእኔም ነው። ለምን ጨው እንደሆነ አልነገርኩሽም። ልጅቷን ሳሠለጥን አንቺን ረሳሁሽ።"

ግባ አልኩት። ገባ። ውኃ ላቀርብለት ተነሳሁና መሃል ላይ ቆምኩ። ሁለታችንም ሳንፈልግ ሳቅን።

እኔ ሩጫው በዚያ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ጫማዋን አልጋ ሥር አስገብቼ በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ። ሐኪሟ ያዘዘችው የአንድ ወር ተኩል እረፍት ሲያልቅ ግን ልጄ ጫማውን አውጥታ ክሩን ታጥብ ጀመር። የዘንድሮው ውድድር አልፏል፣ ለሚቀጥለው እዘጋጃለሁ አለች። እግሯ ሥር ወደቅሁ፤ ማጋነን አይደለም፣ በጉልበቴ ለመንኳት። አነሳችኝ። ሞትን አይቼ ካቋረጥኩ ዕድሜዬን ሁሉ አቋራጭ ነኝ አለችኝ። ቀጥላም፣ እሮጣለሁ፣ አንቺ ግን አትከተይኝም አለች። ከሁለቱ የትኛው እንደጎዳኝ አላውቅም።

ሁለተኛው ዝግጅት ከመጀመሪያው ይለያል። ሐኪሟ ከረጅም ሩጫ በፊትና በኋላ ትመዘን ብላ ነበር፤ ስትመለስ ክብደት ጨምራ ከተገኘች ከሚገባው በላይ ጠጥታለች ማለት ነው። ሰው የሚመዝን ሚዛን የለንም። ቀፊራ ሽንኩርት ከምሸጥበት አጠገብ ጆንያ የሚመዘንበት ትልቅ ሚዛን አለ፤ እሑድ እሑድ ልጄ እሱ ላይ ትወጣለች። ነጋዴዎቹ አልማሯትም። አንዱ፣ ይቺ የየት አገር ድንች ናት፣ በጣም ቀጥናለች ይላል። ሌላዋ፣ በደንብ መዝኑ፣ እናቷ ውኃ ነክራባት ይሆናል ትላለች። ነገሩ ዞሮ ጆሯቸው ደርሷል ማለት ነው። መጀመሪያ አንገቴን ደፋሁ። በኋላ እኔም አብሬ መቀለድ ለመድኩ። ድስቴንም ለሁለት ከፈልኩት፤ የእሷ ጨው አለው፣ የእኔ የለውም።

እኔም በበኩሌ ልምምድ ነበረብኝ። ጋሼ ነው ያዘዘኝ። እሷ ስትወጣ ቤት መቀመጥ፣ አለመከተል፣ አለመደወል። መጀመሪያ ለግማሽ ሰዓት፣ ቀጥሎ ለአንድ ሰዓት፣ ኋላ ለአራት። የመጀመሪያውን ቀን አልቻልኩም፤ ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ፣ ጥግ ላይ ጋሼ ጋር ተገጣጠምን፣ በእጁ ወደ ቤት አመለከተኝ። ተመለስኩ። ሽንኩርት እለቅማለሁ፣ የተለቀመውን መልሼ እለቅማለሁ። ሠላሳ ሁለቱን በድጋሚ ስትሮጥ ግቢውን አራት ጊዜ ጠረግሁት። በእግሯ ገባች። ሚዛኑ ላይ ስትወጣ ከመሮጧ በፊት ከነበራት ክብደት ቀንሳ ነው የተገኘችው። ወደ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ።

ውድድሩ ያለው ደጋ ከተማ ነው። ዓርብ ልጄ፣ ጓደኛዋና ጋሼ በአውቶቡስ ሄዱ። መናኸሪያ ሸኘኋቸው፤ ስታቅፈኝ ከመጨረሻው መስመር አልፌ ራሴ እስክደውል አትደውይ ብላ ቃል አስገባችኝ። ገባሁ።

እሑድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተጀመረ። አምስት ሰዓት ይፈጅባታል ብሎኛል ጋሼ፤ አምስት ሰዓት ላይ ታልፋለች ማለት ነው። ስልኩን ቁም ሳጥን ላይ አድርጌ ሳልነካው ቆየሁ። ጎረቤት መጥታ አብሬሽ ልቀመጥ አለችኝ፣ አይ ሂጂ አልኳት። አምስት ሰዓት ሆነ። አልደወለችም። አምስት ተኩል ሆነ። ጓደኛዋ ጨርሻለሁ ብላ በመልእክት ላከችልኝ፤ ስለ ልጄ ምንም አልጻፈችም። መልሼ ደወልኩላት፣ ስልኳ ዝግ ነው። እግሬ በረደኝ፣ በዚያ በድሬ ቀትር።

ቃል የገባሁት ለልጄ እንዳልደውል ነው፤ ለጋሼ አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሁለት ጊዜ ጠራ፣ አላነሳም። በሦስተኛው አነሳው። ጭብጨባና ጡሩምባ ሰማሁ፣ የእሱን ድምፅ ግን መለየት አልቻልኩም።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ" አልኩት። "ልጄን አየሃት? የት እንደደረሰች ንገረኝ።"

"በእግሯ እየመጣች ነው፣ መስመሩ ከፊቷ ነው፤ ስታልፍ ራሷ ትደውልልሻለች" ብሎ ጮኸልኝ፤ ስልኩን ቁም ሳጥኑ ላይ መልሼ ልጠብቃት ተቀመጥኩ።